ኬብሉ የት ጋ ነው የተበጠሰው? በፕሉቶ ኤስዲአር ሲግናል ልኮ ተመላሹን መለካት

የዲሽ ኬብል ከጣራ እስከ ሳሎን ሲወርድ ግማሹ ግድግዳ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ከጎረቤት ኬብል ጋር ተጠላልፏል። ቲቪው «ሲግናል የለም» ሲል ብዙ ጊዜ የሚደረገው አዲስ ኬብል መጎተት ነው። አንዳንዴ ያዋጣል። ግን የተበላሸው ከዲሹ ሦስት ሜትር ላይ ያለ አንድ መጋጠሚያ ብቻ ቢሆንስ? ይህን ሳሎን ተቀምጦ ማወቅ ይቻላል። ፕሉቶ በሚባል ኤስዲአር፣ ማለትም በኮምፒውተር ፕሮግራም በሚታዘዝ ሬዲዮ፣ ወደ ኬብሉ ሲግናል ትልካላችሁ። ሲግናሉ የተበጠሰው ቦታ ሲደርስ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። የተመለሰውን ለክታችሁ ርቀቱን ታሰላላችሁ። በቃ፣ ሥራው ይሄው ነው።

ለዚህ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ መኖሩን አውቃለሁ። ናኖቪኤንኤ የምትባለው ትንሽ መሣሪያ ይህንኑ ትሠራለች፣ ዋጋዋም ከፕሉቶ ያነሰ ነው። ዓላማችሁ ኬብል መጠገን ብቻ ከሆነ እሷን ግዙና ይህን ጽሑፍ ተዉት። ፕሉቶ እጃችሁ ላይ ካለ፣ ወይም ነገሩ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በገዛ እጃችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ቀጥሉ።

የቱ ኤስዲአር ይሆናል?

ዋናው መስፈርት በአንድ ጊዜ መላክም መቀበልም መቻሉ ነው። አርቲኤል-ኤስዲአር መቀበል ብቻ ነው የሚችለው። ሃክአርኤፍ ዋን ይልካልም ይቀበላልም፣ ግን በየተራ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ለብቻቸው አይሆኑም። ላይምኤስዲአር ሚኒ፣ ዩኤስአርፒ ቢ200 እና የአናሎግ ዲቫይስስ ኩባንያ ፕሉቶ ሁለቱንም እኩል ይሠራሉ። እዚህ የምጽፈው ስለ ፕሉቶ ነው፤ በሌሎቹ ለመሥራት ፕሮግራሙን ማስተካከል ይጠበቅባችኋል። ፕሉቶ ውስጥ ኤዲ9363 የሚባል ቺፕ አለ። በይፋ ከ325 ሜጋኸርዝ እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ ይሠራል፣ በአንድ ጊዜ የሚያየው ስፋት ደግሞ 20 ሜጋኸርዝ ነው።

20 ሜጋኸርዝ ብዙ ይመስላል። ለዚህ ሥራ ግን አይበቃም። ተቀራርበው የሚመለሱ ሁለት ሲግናሎችን ለይቶ ማየት የሚቻለው በስፋቱ ልክ ነው፦ በአየር ላይ 20 ሜጋኸርዝ የሚሰጣችሁ 7.5 ሜትር ነው፣ በዲሽ ኬብል ውስጥ ደግሞ ስድስት ሜትር ገደማ። ከአንድ ፎቅ በላይ ማለት ነው፤ «ችግሩ ሦስተኛ ፎቅ ወይም አራተኛ ፎቅ ነው» ብሎ ግድግዳ መቆርቆር ደግሞ አይቻልም። መላው ምንድን ነው? ሰፊ ሲግናል በአንዴ ከመላክ ይልቅ አንዲት ቀጭን ሲግናል እየላኩ ፍሪኩዌንሲዋን በትንሽ በትንሹ ከፍ ማድረግ። ከ400 ጀምራችሁ 800 ሜጋኸርዝ ድረስ ከሄዳችሁ ስፋታችሁ 400 ሜጋኸርዝ ሆነ። ስድስት ሜትሩ ወደ 30 ሳንቲሜትር ወረደ።

ምን እንደምንለካ

ከመላኪያው ወደ መቀበያው የሚሄደው መስመር መሀል ላይ ቲ ኮኔክተር እናስገባለን። የቲው ሦስተኛ እግር ላይ የተጠረጠረው ኬብል ይታሰራል። ሲግናሉ ቲው ጋ ሲደርስ ከፊሉ ወደ ኬብሉ ይገባል፣ የተበጠሰው ጫፍ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ሲመለስ በአንዳንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከዋናው ሲግናል ጋር ይጣላና ያዳክመዋል፣ በሌላው ላይ ደግሞ ይስማማሉ። ስለዚህ ፍሪኩዌንሲው እየጨመረ ሲሄድ መቀበያው ላይ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ጉድጓዶች ታያላችሁ። ኬብሉ ረጅም ከሆነ ጉድጓዶቹ ይጠጋጋሉ፣ አጭር ከሆነ ይራራቃሉ።

ሒሳቡም ቀላል ነው፦

ርዝመት በሜትር = 150 × የኬብሉ የፍጥነት መጠን ÷ በሁለት ጉድጓዶች መካከል ያለው ርቀት በሜጋኸርዝ

የፍጥነት መጠን ማለት ሲግናሉ በኬብሉ ውስጥ ከብርሃን ፍጥነት ስንት እጁን ይጓዛል ማለት ነው። ለዲሽ የሚዘረጋው አርጂ6 መሀሉ ፎም ስለሆነ ከ0.8 ትንሽ ከፍ ይላል፤ መሀሉ ደረቅ ፕላስቲክ የሆነው አርጂ58 ደግሞ 0.66 ነው። እኔ 0.82ን ይዤ እቀጥላለሁ፣ ስለዚህ 150 × 0.82 = 123። ይህችን 123 ያዟት።

«ለምን በአምፕሊቲዩድ (በሲግናሉ ጥንካሬ) ብቻ? ፌዙስ (የሞገዱ አቀማመጥስ)?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፕሉቶ ውስጥ መላኪያውና መቀበያው የየራሳቸው ፍሪኩዌንሲ ማመንጫ አላቸው። ፍሪኩዌንሲ በቀየራችሁ ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው ፌዝ እንደ አዲስ ይዘበራረቃል። በአንድ መቀበያ ብቻ ይህን ማረም አይቻልም። አምፕሊቲዩዱ ግን ይታመናል፣ ለርቀት ደግሞ እሱ ይበቃናል።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ፕሉቶው ራሱ፣ አንድ የኤስኤምኤ (ፕሉቶ ላይ ያለው የሚጠመዘዝ ትንሽ ኮኔክተር) ቲ፣ ሁለት ባለ 10 ዴሲቤል አቴኑዌተሮች (ሲግናል ማዳከሚያዎች)፣ ሁለት አጫጭር የኤስኤምኤ ገመዶች፣ ከኤስኤምኤ ወደ የዲሽ ኬብል ኮኔክተር (ኤፍ የሚባለው) የሚያሻግር አዳፕተር፣ የዲሲ ማገጃ (የዲሲ ቮልቴጅ አግዶ ሲግናሉን የሚያሳልፍ)፣ ቴስተር፣ ፒንሳና ሜትር። ላፕቶፑ ላይ ፓይተን፣ ኑምፓይ እና የአናሎግ ዲቫይስስ ፓይኤዲአይ ላይብረሪ ይጫን።

አቴኑዌተሮቹን «ባይኖሩም ይሆናል» ብላችሁ እንዳትዘሉ። ሁለት ሥራ አላቸው። አንደኛ መቀበያውን ያድናሉ፦ የፕሉቶ መላኪያ እስከ 7 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) አካባቢ ያወጣል፣ መቀበያው የሚችለው ግን 2.5 ዲቢኤም ብቻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። አቴኑዌተር ከሌለ ሲግናሉ በቲውና በፕሉቶው መካከል ራሱ ወዲያ ወዲህ ይንፀባረቃል፤ ከዚያ የምትለኩት የራሳችሁን ገመድ ይሆናል።

ከመሰካታችሁ በፊት

ይህችን ክፍል ዘልላችሁ ፕሉቶ ብታቃጥሉ እኔን እንዳትወቅሱ።

የዲሽ ሪሲቨር ጣራ ላይ ላለው ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ለፊት የሚታሰረው ሲግናል ተቀባይ) በዚያው ኬብል 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል። ይህ ቮልቴጅ ፕሉቶ ውስጥ ከገባ ነገር አለቀ። ስለዚህ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ኬብሉን ከሪሲቨሩ ፍቱ። አንድ ኬብል ለሁለት ቤት በማከፋፈያ የተዘረጋ ከሆነ የጎረቤትም ሪሲቨር በማከፋፈያው በኩል ሊልክ ይችላልና እሱንም አስነቅሉ። ቀጥሎ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ በመሀለኛው ሽቦና በውጭው መረብ መካከል ለኩ። ዜሮ መሆን አለበት። ከዚያ በካቻቢቴ ጫፍ መሀለኛውን ሽቦ ከመረቡ ጋር ለአፍታ አነካኩ፤ ጣራ ላይ የቆየ ኬብል ስታቲክ ቻርጅ ይይዛል። የዲሲ ማገጃው ከዚህ ሁሉ በኋላም ይግባ። ደመና ካለና ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ ሥራውን ለሌላ ቀን ተዉት።

ከተቻለ ጣራ ላይ ኤልኤንቢውን ፍቱት፣ የኬብሉ ጫፍ ባዶ ይሁን። መውጣት ካልተቻለ መለካት ይቻላል፣ ውጤቱ ግን ትንሽ ይደበዝዛል።

አያያዙ

የፕሉቶ መላኪያ፣ አቴኑዌተር፣ ቲ፣ አቴኑዌተር፣ የፕሉቶ መቀበያ። በዚህ ቅደም ተከተል። የዲሲ ማገጃውና የኤፍ አዳፕተሩ የቲው ሦስተኛ እግር ላይ ይገባሉ። ይህ እግር ባጠረ ቁጥር ጥሩ ነው። ፕሉቶ ላይ ሁለት የማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳ አለ፤ አንዱ ለኃይል ብቻ ስለሆነ የዩኤስቢ ምልክት ያለበትን ተጠቀሙ። በትክክል ከተሰካ ላፕቶፑ 192.168.2.1 ላይ ያገኘዋል።

የኬብሉን ኤፍ ኮኔክተር ከማሰራችሁ በፊት አፉን በብርሃን እዩት። ከመረቡ ያመለጠች አንዲት ቀጭን ሽቦ ተጠማዝዛ መሀለኛውን ነክታ ትገኛለች፣ በተለይ ኮኔክተሩ የሚጠመዘዝ ዓይነት ከሆነ። ያኔ ምንም መለካት አያስፈልግም፣ ችግሩ አፍንጫችሁ ሥር ነው። ቆርጣችሁ እንደገና ሥሩት።

ፕሮግራሙ

ኮዱን ራሳችሁ ጻፉት፣ ሃምሳ መስመር እንኳን አይሞላም። ልብ የሚባሉት ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

የናሙና ፍጥነቱን 4 ሜጋ (በሰከንድ 4 ሚሊዮን ናሙና) አድርጉ። የምትልኩት ሲግናል ከመሀል ፍሪኩዌንሲው በ1 ሜጋኸርዝ ራቅ ያለ ሳይን ይሁን። ልክ መሀሉ ላይ ካደረጋችሁት ከራሱ ከፕሉቶው የሚፈስ ሲግናል ይቀላቀልበታል። ባፈሩን (በአንድ ጊዜ የሚላከውን የናሙና ጥቅል) 4096 ናሙና አድርጉት፤ አንድ ዙር 4 ናሙና ስለሚሆን ባፈሩ ውስጥ በትክክል 1024 ዙር ይገባል፣ ሲደጋገምም መጋጠሚያው ላይ አይዘልም። መላኪያውን ባፈሩን እየደጋገመ የሚልክ አድርጉት። ፓይኤዲአይ የሚጠብቀው እስከ 16 ሺህ አካባቢ የሚደርስ ቁጥር ነው። በ1 የተወሰነ ሳይን ከሰጣችሁት ዝም ይላል፣ እናንተም ዕቃው ተበላሽቷል ብላችሁ ግማሽ ቀን ትፈልጋላችሁ።

የመላኪያውን ጌይን (የማጉያ መጠን) ከአሉታዊ 30 ዴሲቤል ጀምሩ። ከአቴኑዌተሩ በኋላ ወደ ኬብሉ የሚገባው ከአንድ ሚሊዮንኛ ዋት በታች ይሆናል፤ መረቡ የተቀደደ ኬብል አንቴና ሆኖ ጎረቤት እንዳይረብሽ ይህ ጥሩ ነው።

አሁን ዋናው። የመቀበያውን ጌይን በእጅ የሚስተካከል አድርጉት። ፕሉቶ ከፋብሪካ ሲመጣ ጌይኑን በራሱ ያስተካክላል። ይህ ካልጠፋ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ «ሲግናሉ ደከመ» ብሎ ጌይኑን ከፍ ያደርግላችኋል፣ ጉድጓዱም ይደፈናል። ግራፉ ለጥ ያለ መስመር ይሆንና ኬብሉ ደህና ነው ትላላችሁ። 30 ዴሲቤል ላይ ጀምሩና የሚመጣውን ናሙና እዩ። ጣሪያው 2048 ነው፤ ትልቁ ናሙና 1000 አካባቢ ከሆነ ደግ ነው፣ ጣሪያውን ከነካ ቀንሱ። አንዴ ካስተካከላችሁ በኋላ እስከ መጨረሻው አትንኩት።

ከዚያ ከ400 እስከ 800 ሜጋኸርዝ በ0.25 ሜጋኸርዝ ደረጃ መላኪያውንም መቀበያውንም አንድ ላይ ቀይሩ። በየደረጃው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ባፈሮች ጣሉ፣ ቢያንስ አራት አምስት። በወረፋ ላይ የነበሩ፣ የቀድሞውን ፍሪኩዌንሲ የያዙ የቆዩ ናሙናዎች ናቸውና። ከሚቀጥለው ባፈር ኤፍኤፍቲ (ሲግናሉን በፍሪኩዌንሲ የሚከፋፍል ስሌት) ሠርታችሁ የ1 ሜጋኸርዟን ነጥብ ብቻ ውሰዱ፣ ወደ ዴሲቤል ቀይሩና መዝግቡ። 1601 ነጥብ ይሆናል። ቡና አፍሉ፣ ጥቂት ይወስዳል።

ለምን 1300 ሜጋኸርዝን አልፈን አልሄድንም? እዚያ ላይ ቺፑ የጌይን ሠንጠረዡን ስለሚቀይር ግራፉ ላይ ድንገተኛ እርከን ይፈጠራል። ከ800 በላይ ደግሞ የሞባይል ሲግናል ይበዛል፣ ኬብሉም ብዙ ያባክናል።

ሁለት ጊዜ ለኩ

መጀመሪያ የቲው ሦስተኛ እግር ባዶ ሆኖ ለኩ። ይህ ማነፃፀሪያችሁ ነው። ከዚያ ኬብሉን እሰሩና ድገሙት። ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ቀንሱ። የፕሉቶው የራሱ ወጣ ገባ፣ የገመዶቹ፣ የአቴኑዌተሮቹ ጠባይ ሁሉ በዚህ ይጠፋል። በመካከል ገመድ ካጠፋችሁ ወይም ኮኔክተር ካላላችሁ ማነፃፀሪያውን እንደገና ሥሩ።

የፍጥነት መጠኑን ደግሞ ከወረቀት ላይ አትውሰዱ፣ በተለይ የኬብሉ ብራንድ ካልታወቀ። ከዚያው ጥቅል የተረፈ ቁራጭ ካለ፣ አሥር ሜትር የሚሆን፣ በሜትር ለኩትና በዚሁ መንገድ ጉድጓዶቹን ፈልጉ። አሥር ሜትሩ በ12.3 ሜጋኸርዝ ርቀት ጉድጓድ ካሳየ 0.82 ነው። 12.6 ካሳየ 0.84 ነው። ትንሽ ልዩነት ይመስላል፣ ግን በ30 ሜትር ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ ያሳስታል።

ግራፉን ማንበብ

ኬብሉ 28 ሜትር መሆኑን ታውቃላችሁ እንበል። ደህና ከሆነ ጉድጓዶቹ በየ4.4 ሜጋኸርዝ መምጣት አለባቸው። ግራፉ ላይ ስትቆጥሩ ግን 6.6 ሆነ። 123 ÷ 6.6 = 18.6 ሜትር። ኬብሉ ከእናንተ 18.6 ሜትር ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። ከሳሎን ተነስታችሁ በሜትር እየለካችሁ ሂዱ፤ ብዙ ጊዜ የምታገኙት በናስትሮ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ነው፣ ወይም ኬብሉ በሚስማር የተመታበት ቦታ።

በዓይን መቁጠር ለአንድ ብልሽት ይበቃል። ሁለት ሦስት ነጸብራቅ ሲደራረብ ግን ዓይን ይሸነፋል። ያኔ ከልዩነቱ ግራፍ ላይ አማካዩንና ቀስ ብሎ የሚያዘነብለውን ክፍል ቀንሱ፣ የሃን ዊንዶው (ጫፎቹን ቀስ አድርጎ ወደ ዜሮ የሚያወርድ ማባዣ) አባዙበት፣ በዜሮ ሞልታችሁ 16384 ነጥብ አድርሱትና ኤፍኤፍቲ ሥሩ። አሁን አግድሙ ርቀት ሆነ፦ እያንዳንዷ ነጥብ 123 ÷ 4096፣ ማለትም 3 ሳንቲሜትር ገደማ ናት። በዚህ ግን አትታለሉ። በዜሮ መሙላት መስመሩን ያለሰልሳል እንጂ የማየት አቅምን አይጨምርም፤ አቅማችሁ ከ30 ሳንቲሜትር አይሻልም።

ዜሮ አጠገብ ያለውን ጉብታ እርሱት፣ እሱ ያልተቀነሰው ዝንባሌ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያው ረጅም ጉብታ ነው የሚፈለገው። በ18.6 ሜትር አንድ ጉብታ አይታችሁ ሌላ ትንሽዬ በ37.2 ብታዩ አትደናገጡ። ልክ እጥፍ ላይ የሚመጣው ጥላ ነው፣ ሲግናሉ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ የሠራው። እጥፍ ያልሆነ ሁለተኛ ጉብታ ከመጣ ግን እውነተኛ ነገር አለ፦ መጋጠሚያ፣ ማከፋፈያ ወይም ክፉኛ የታጠፈ ቦታ። ውሃ የገባበት ኬብል ሹል ጉብታ አይሰጥም፣ የተንሰራፋ ጉብታ ይሰጣል፤ ከዚያ ማዶ ያለው ሁሉ ይደክማል። እንዲህ ያለውን ኬብል በመጋጠሚያ ለማዳን አትድከሙ፣ የራሰውን ክፍል ሙሉውን ቆርጣችሁ ጣሉት።

ጥርጣሬ ካለ፣ ጫፉን አገናኙ

በጣም የምወደው ሙከራ ይሄ ነው። አንድ ሰው ጣራ ላይ ወጥቶ የኬብሉን ጫፍ መሀለኛ ሽቦ ከመረቡ ጋር በፒንሳ አጥብቆ ያገናኝ። እናንተ ታች ሆናችሁ እንደገና ለኩ። ኬብሉ እስከ ጫፉ ደህና ከሆነ ጉድጓዶቹ ሁሉ ከነበሩበት በግማሽ ርቀት ይዘላሉ፤ ቀድሞ ጉብታ የነበረበት አሁን ጉድጓድ ይሆናል። ምንም ካልተንቀሳቀሱ ሲግናላችሁ ጣራው ጋ እየደረሰ አይደለም። ይህ ሙከራ የፍጥነት መጠንም ሒሳብም አይፈልግም።

ከ60 ሜትር በላይ የሆነ ኬብል ሲገጥም ጉድጓዶቹ እየተለሳለሱ ይጠፋሉ። አርጂ6 በ400 ሜጋኸርዝ በ100 ሜትር 14 ዴሲቤል ገደማ ያባክናል፣ ሲግናላችሁ ደግሞ ሄዶ መመለስ አለበት። መፍትሔው ወደ ታች መውረድ ነው። የፕሉቶውን ቅንብር ቺፑን እንደ ኤዲ9364 እንዲቆጥረው ካደረጋችሁ ከ70 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ይሠራል፤ የታወቀ ዘዴ ነው፣ ብዙዎች ያደርጉታል፣ አምራቹ ግን ለዚያ ክልል ዋስትና አይሰጥም። ከ70 እስከ 400 ብትለኩ ረጅሙም ኬብል ይታያል። እግረ መንገዳችሁን የኤፍኤም ጣቢያዎች ካሉበት ከ88 እስከ 108 ሾልከው የሚገቡ ሹል ነጥቦች ካያችሁ በሚዲያን ማጣሪያ (እያንዳንዱን ነጥብ በአጠገቦቹ መሀለኛ ዋጋ የሚተካ) አጥፏቸው።

ይህ ሁሉ ኬብል ውስጥ ነው። «አንቴና ገጥሜ በአየር ላይ ራዳር ልሥራ» የሚል ሐሳብ ይመጣል፣ መምጣቱም አይቀርም። እዚያ ላይ ነገሩ ይለወጣል፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ያለ ፈቃድ ወደ አየር አትልቀቁ። ዕቃውንም ከውጭ ስታስመጡ መመሪያውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በሬዲዮ መሞከር ከልባችሁ ከሆነ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለውን የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ የሚባለውን፣ ፈልጉ።

ከጠገናችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ድገሙት። ጉብታው ወደ 28 ሜትር መሄድ አለበት፣ 18.6 ላይ ከመጋጠሚያው የተረፈች ትንሽ እብጠት ብትቀር ችግር የለውም። የለካችሁትን ፋይል በቤት ቁጥሩ ሰይማችሁ አስቀምጡት፣ ሌላ ጊዜ ሲበላሽ ከእሱ ጋር ታነፃፅራላችሁ። ፕሉቶውን ፍቱና ኤልኤንቢውን መልሱ። ሪሲቨሩ ሶኬት ላይ የሚሰካው መጨረሻ ላይ ነው።